ከባሕር እስከ ባሕር የተሸከምኩት መርዶ

ያኔ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ልክ አርባ ዘጠኝ ነው ብዬ ግን አልምልም። እኛ ቤት የልደት ቀን የሚጽፍ ሰው አልነበረም፤ ዕድሜዬን የማውቀው ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ዴታሞ በነገረኝ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያሰላው በላም ነበር። «አማረች፣ አንቺ የተወለድሽው ቡሬዋ የመጀመሪያዋን የወለደች ዓመት ነው፤ ማርታ ደግሞ ቡሬዋ አርጅታ የተሸጠች ዓመት» ይለን ነበር። በዚህ ሂሳብ እኔ አርባ ዘጠኝ፣ ታናሽ እህቴ ማርታ ሠላሳ ስምንት። ዛሬ እኔ ሰባን ልደፍን ጥቂት ነው የቀረኝ። ሆሳዕና እንኳ ያኔ በአጭር የእግር መንገድ የምትጨርሻት ከተማ፣ አሁን እኔው ውስጧ መንገድ ጠፍቶኝ ባጃጅ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ሰሞን ከገበያ ስመለስ አደባባዩ አጠገብ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ጠብ መስሎኝ ቀረብ አልኩ። ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ነጭ ትልቅ መኪና አቁመው ጎማ ያያሉ። መኪናዋ መስኮቷ ላይ መጋረጃ አላት፤ ከኋላዋ ብስክሌት ታስሯል። አንድ ባጃጅ ነጂ «ይቺ መኪና ናት ወይስ ቤት?» ሲል ሌላው «የቤት ኪራይ ያማረረው ሰው ነዋ!» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀው። እኔም ልስቅ ነበር። ሴትየዋ ግን የእቃ አጠባ ውኃ ልትደፋ በሩን ከፈተችና ከውስጥ ያ ሽታ ወጣ፤ ጋዝ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ፣ የብርቱካን ልጣጭ። ዘንቢሌን አስቀምጬ ካርድ መሸጫው ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ። «እማማ፣ ምን ሆኑ? ውኃ እናምጣልዎ?» አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? በእንደዚህ ያለች መኪና ፖርቱጋልንና ስፔንን ዞሬያለሁ ብላቸው «ፀሐይ መትቷቸዋል» ነው የሚሉት።

ግን ዞሬያለሁ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩት፣ ፊደል በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቆጥሬ የቀረውን መጽሐፍ ቅዱስና ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ ያስተማሩኝ እኔ። ሥራዬ የቅቤ ንግድ ነበር። ከዶዮገናና ከአንጋጫ ገበያ በኮባ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ሰብስቤ ሆሳዕና እሸጣለሁ። ያኔ ጥሩው ቅቤ ኪሎው ሠላሳ አምስት ብር ነበር፤ አርባ የገባ ዕለት እኛ ነጋዴዎቹ ራሳችን «ከእንግዲህ ቅቤ ለሀብታም ብቻ ሊሆን ነው» ብለን አዝነናል። የዛሬውን ዋጋ ባልናገር ይሻላል። የአንጋጫ መንገድ በክረምት ጭቃው አይጣል ነው፤ ተሳፍረን ከፍለን፣ ወርደን ደግሞ መኪናውን የምንገፋው እኛ ነን። ሻሻችን ከአዲስ አበባ የመጣ ባለ ዘርፍ ነበር፣ ጫማችን ኮንጎ። ከጭቃው ስንወጣ ሻሹ እንደ አዲስ፣ ጫማው ግን የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ማርታ ግን ተምራ ነርስ ሆነች። ባሏን ያገኘችውም በቁስል ነው። ሄንክ የሚባል ሆላንዳዊ በሀደሮ በኩል የውኃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ብረት እግሩን መታውና እሷ ጤና ጣቢያ አመጡት። አማርኛ የተማረው ከሾፌርና ከቆፋሪ ስለነበር አንቱታ አያውቅም። ቄሱንም «አንተ» ይላል፣ እማዬንም «አንቺ» ይላል፣ ደጃፍ የቆመችን ፍየል ግን አንድ ቀን «እርስዎ፣ ይሂዱ» ሲላት ሰምተን ሞተናል በሳቅ። በሃያ ዓመት ይበልጣታል። ወንድሜ «ሽማግሌ ነው፣ ፈረንጅ ነው» ብሎ ፊቱን ሲያጠቁር እማዬ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ይሄ ልጅ ፊቱ ተቃጠለ፣ ኮፍያ ስጡት።» በቃ፣ ጋብቻው በዚያው ጸደቀ። ከዚያ ወደ አገሩ ይዟት ሄደ። ጡረታ ሲወጣም ያቺን የመሰለች መኪና ገዛ። በእነሱ አገር ሽማግሌ በብርድ ወራት እንደ ወፍ ይሰደዳል። ቤቱን ቆልፎ፣ ምጣዱንና ብርድ ልብሱን መኪና ላይ ጭኖ፣ ፀሐይ ወዳለበት ወደ ፖርቱጋልና ስፔን ደቡብ ይወርዳል፤ መጋቢት ሲመጣ ተመልሶ ቤቱ ይገባል።

እማዬ የታመመችው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው፣ አንጋጫ ቤቷ ውስጥ። በዚያው ሰሞን ማርታ ሆዷን ኦፕራሲዮን ሆና ተኝታለች። እኔ «እንንገራት» አልኩ። ጋሼ ዴታሞ ተቆጣ።

«ቁስሏ ሳይደርቅ? ደንግጣ ብትሞትስ? ሁለት ሬሳ ነው የምትፈልጊው?»

ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን ዛሬም ድረስ እሰማዋለሁ። እማዬ አሥራ አንድ ቀን ተኛች። በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዓይኗን ትገልጥና «ማርታ ናት?» ትላለች። የጎረቤት ሴት ስትገባ፣ «ማርታ ናት?» በግ በሩን ሲገፋ፣ «ማርታ ናት?» የእህቴ ስልክ ቁጥር በመሀረቤ ጫፍ ተቋጥሮ እኔው ጋ ነበር። በስድስተኛው ቀን ለማንም ሳልናገር ሆሳዕና ወርጄ ቴሌ ሄድኩ። ያኔ ውጭ አገር ለመደወል ተሰልፈሽ፣ ቁጥር አስመዝግበሽ፣ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ገብተሽ ነው የምትጮሂው። ከፊቴ ሦስት ሰው ቀረ። ከዚያ የጋሼ ዴታሞ «ሁለት ሬሳ» ትዝ አለኝና ወረፋዬን ለቅቄ ወጣሁ። እማዬ ከዚያ በአምስተኛው ቀን አረፈች።

ማርታ በወር አንድ ጊዜ ጎረቤቴ ቤት ትደውልና እኔን ይጠሩኛል። የመጀመሪያው ጊዜ «እማዬ ደህና ናት፣ አንጋጫ ናት» ስላት ምላሴ ደረቀ። ሁለተኛው ቀለለኝ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳልጠየቅ እጨምር ጀመር። «ጎመን ተክላለች፤ ጥርሷን ትንሽ አሟታል እንጂ ደህና ናት።» ማርታ «ለጥርሷ ቅርንፉድ ያዢላት» አለችኝ፤ እኔም «እሺ» አልኩ።

ቁስሏ ሲድን ራሷ ጠራችኝ። ወረቀቱን ጨርሰው፣ ትኬቱን ልከው፣ «ነይ፣ ብርዱን አብረን እንዙር» አሉኝ። ጋሼ ዴታሞ ይህን ሲሰማ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «ይኸው፣ መንገድ ተከፈተ። በአካል ሄደሽ ትነግሪያታለሽ። ግን ስሚኝ፤ ብቻዋን እንዳትነግሪያት። ሰው ሰብስቢ፣ ንጋት ላይ ይሁን፣ ግራ ቀኝ የሚይዛት ይኑር። በስልክ መርዶ የሰማ ሰው ሬሳ ብቻውን እንደታቀፈ ነው።» ልክ ነው፣ አገራችን እንደዚህ ነው የሚነገረው። ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤት በዝምታ ደጅሽ ይቆማል፣ አንድ ሽማግሌ አፉን ይከፍታል፣ ስትወድቂ መሬት ሳይሆን ሰው ላይ ነው የምትወድቂው። እሺ ብዬ ተነሣሁ። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ጥቁር ቀሚሴን አወለቅኩና ሻንጣዬ ታች ከተትኩት፤ ጋሼ ዴታሞ ከመርካቶ የገዛልኝን ቢጫ አበባ ያለው ቀሚስ ለበስኩ። እናቱ የሞተችበት ሰው አበባ ሲለብስ ቆዳው ያውቃል፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ሰውነቴን ሁሉ ሲያሳክከኝ አደረ። ፀጉሬ ለሐዘን ተቆርጦ ስለነበር «ራስ ምታት ነው» ልላት አሰብኩ።

ፋሮ የሚባል የፖርቱጋል ከተማ አውሮፕላን ጣቢያ ደጃፍ እሷና ሄንክ ቆመው ነበር። ማርታ ጂንስ ሱሪ፣ ቀይ ሹራብ፤ ደርቃ፣ አምራ። ገና ከሩቅ፣ «እትዬ! ፀጉርሽስ?» አለችኝ።

«ራስ ምታት።»

«እማዬስ? ጥርሷ ተሻላት?»

«ተሻላት።»

ይቺ የመጀመሪያዋ ጠዋት ነበረች። «ነገ እነግራታለሁ» አልኩ በልቤ። በነጋታው ላጎስ በምትባል የዚያው አገር ከተማ አጠገብ ከባሕሩ አፋፍ ቆምን። ባሕር ያየሁት ያን ቀን ነው። ውኃ ይሄዳል፣ ይመጣል እንጂ እንደሚተነፍስ አላውቅም ነበር። መኪናዎች የሚያድሩበት ሰፊ ግቢ አለ፤ መብራት አለው፣ ሽንት ቤት አለው፣ ለአንድ ሌሊት አሥር ዩሮ የማይሞላ። ሁሉም ሽማግሌ ነው፣ ሁሉም ቁምጣ ለብሶ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። በግራ ጀርመኖች፣ በቀኝ እንግሊዞች። እጅ ያወዛውዛሉ፣ ይስቃሉ። ማንን ልሰብስብ? ትንሽ ስላመድ እንዳልል፣ ስነቃ ጀርመኖቹ የሉም። እኛ አገር ችግር ሲመጣ ጎረቤት አለ፤ እዚያ ጎረቤቱ ራሱ ጎማ አለው።

ስለዚህ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ በሚቀጥለው ከተማ እያልኩ ሄድኩ። ማርታ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። መሪውን እሷ ትይዛለች፣ ሄንክ ካርታ ያነባል፣ እኔ ከኋላ አልጋው ጫፍ ላይ። ከአገር ይዛ የሄደችው የመዘምራን ካሴት ነበራት፤ ክሩ ከመሳሳቱ የተነሣ ዘማሪዎቹ ጉንፋን የያዛቸው ይመስላሉ። እሷ አብራ ትዘምራለች፣ ሄንክ ቃሉን ሳይችል ያጅባታል። በየመንደሩ መንገድ ዳር ብርቱካን እንደ ጽድ ተተክሏል፤ መሬት ላይ ወድቆ የሚያነሣው የለም። አንዱን ልጬ ጎረስኩና ፊቴ ተጨማደደ። ማርታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ለዓይን ነው እንጂ ለአፍ አይደለም፣ እትዬ! አንቺ ነጋዴ ነሽ፣ ማንም ያላነሣውን ዕቃ ትገዣለሽ?» ገና ቅጠል ሳያወጣ ነጭ የሚያብብ ዛፍ ነበር፣ ኮረብታውን ሁሉ ያለበሰ። ከአገር ያመጣሁትን ቡላ በዚያች ትንሽ ጋዝ ላይ አገንፍቼ በቅቤ አቀርባለሁ፤ ሄንክ ዓይኑን ጨፍኖ «ሀደሮ ነኝ አሁን» ይላል። አንድ ገበያ ላይ ማርታ የሱፍ ሻል አንሥታ «ይሄ ለእማዬ ይከብዳታል?» አለችኝ። ስትገዛው ማየት አልቻልኩም። «አዎ፣ ይከብዳታል» አልኳት። «ይክበዳት፣ አንጋጫ ብርድ ነው» ብላ ገዛችው።

ታቪራ ላይ፣ ነጭ የጨው ክምር ባለበት ከተማ፣ አላስቻለኝም። ማታ ማታ ሄንክ ሳህን ያጥባል፣ እኔ አደርቃለሁ።

«ሄንክ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ለማርታ ግን አትናገር።»

«ከማርታ የምደብቀው የለኝም እኔ።»

«መርዶ ነው።»

ቃሉን ያውቀዋል፤ ሀደሮ ላይ ሠራተኛ ሞቶበት መርዶ ሲነገር አብሮ ቆሟል። ስፖንጁን ለቀቀው።

«ማን?»

«እማዬ።»

«መቼ?»

«ነሐሴ።»

በአረፋ በተሞላ ጣቱ ቆጠረ። «አምስት ወር? አማረች! አምስት ወር?»

«ቀስ በል፣ ትሰማሃለች!»

«ትስማ! እናቷ ናት። ሂጂ አሁን ንገሪያት። አሁን፣ እጅሽ ሳይደርቅ።»

«ሰው የለም።»

«እኔ ሰው አይደለሁም?»

«አንተ ባሏ ነህ፣ አንተም ሐዘንተኛ ነህ። ሐዘንተኛ ሐዘንተኛን አይደግፍም። ደግሞም ይሄ የእኛ ነው፣ እባክህ። ጥቂት ቀን ስጠኝ፣ ሰው ላግኝ።»

ስፖንጁን አንሥቶ ጨመቀው። «አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ይሄ ግን ጥሩ አይደለም።» ከዚያ ሳህኑን ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው አጠበ።

ሄንክ ውሸት አይችልም። የማይችል ሰው ያለው አማራጭ ዝምታ ነው፣ ዝም አለ። በአንድ ትልቅ ወንዝ ላይ ያለውን ድልድይ ተሻግረን ስፔን ስንገባ እኔ «ድንበሩ የቱ ጋ ነው? ፓስፖርት የሚያይ የለም?» ስል፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚቀልድ ሰው፣ መስኮቱን ብቻ ያያል። ካሴቱን ማርታ ስትከፍት ይዘጋዋል። በላስቲክ የተሸፈነ የእንጆሪ እርሻ እያለፍን ማርታ በጎን ዓይኗ ታየው ነበር። አንድ ነዳጅ ማደያ ሄንክ ሲወርድ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«እትዬ፣ ሄንክ የደበቀኝ ነገር አለ። ልቡን ያመው ነበር፤ ሐኪሙ የሆነ ነገር ነግሮታል። ሊሞትብኝ ነው።»

«ኧረ ደህና ነው!»

«አንቺ በምን አወቅሽ? ነርሷ እኔ ነኝ።»

ይሄ ነው ያኔ ያደረግኩት። የሞተችውን እናቷን ደብቄ በሕይወት ያለ ባሏን አስለቀስኳት።

ከዚያ የስፔን መሬት የሚያልቅባት ታሪፋ ደረስን። ነፋሱ ሰው ያንገዳግዳል፤ ከባሕሩ ማዶ ተራራ ይታያል። ሄንክ «ያ አፍሪካ ነው» አለ፤ ከቀናት በኋላ የተናገረው ረጅሙ ነገር እሱ ነበር። ማርታ ሻሿን በእጇ ይዛ እስከ ድንጋዩ ጫፍ ሄደች፣ እጇን በአፏ ዙሪያ አድርጋ በእናታችን ቋንቋ፣ በከምባትኛ፣ ጮኸች። «እማዬ! ደህና አደርሽ? መጣሁ! ለመሳላ መጣሁ!» መሳላ የከምባታ የመስቀል በዓል ነው። ፈረንጆቹ ዞረው አዩዋት። እሷ እየሳቀች ወደ እኔ መጣች። «ነፋሱ ያደርስልኛል። ለመሳላ ትኬት ልቆርጥ ነው። ለሄንክ እንኳ ገና አልነገርኩትም።» እኔ መሬቱን አየሁ። ሄንክ ወደ መኪናው ገብቶ በሩን ዘጋ።

ሁለት ቀን ነድተን አልሜሪያ አጠገብ ያለ የመኪና ግቢ አቆምን። እዚያ ማርታ ለመታጠብ ስትሄድ ሄንክን እጁን ያዝኩት። «ሰው ሰብስብልኝ፣ ማንም ይሁን። ሰባት ስምንት ይብቃኝ። ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ንጋት ላይ በራችን ላይ ይቁሙ። አይናገሩ። ብቻ ይቁሙ።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት እዚህ ጨለማ ነው፣ አማረች። እነዚህ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ይወድቃሉ። ሁለት ሰዓት ላይ ነው ፀሐይ የምትወጣው።»

ንጋትን በቀጠሮ ማሸጋገር! እሺ አልኩ። ከመኪና መኪና ዞረ። ምን ብሎ እንዳስረዳቸው አላውቅም።

ጠዋት ቀስ ብዬ ወጥቼ ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ። መጡ። ኮሪ የምትባል የሄንክ አገር ባልቴት፣ ትንሽ ውሻዋን ኮቷ ውስጥ ይዛ። አንድ ጀርመን ከነሚስቱ፤ ለሁሉም ይበቃል ብሎ የሚታጠፍ ወንበር በሁለት ክንዱ ተሸክሞ። ሌሎችም አራት። አንዱ ፔርሙስ ይዟል። አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው በሰልፍ ቆሙ። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ባሕሩ ብቻ ይተነፍሳል።

ማርታ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ የጥርስ ብሩሽ ይዛ በሩን ስባ ከፈተችው። መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ፈረንጆቹ ቀልድ ያዘጋጁ መሰላት። ከዚያ ሰማዩን አየች። ከዚያ ሰልፉን። ከዚያ እኔን፣ ጥቁሩን። እዚያ ከቆሙት ሰዎች ማንም የማያውቀውን እሷ አወቀች፤ ንጋት ላይ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ምን ማለት እንደሆነ እኛ አገር ሕፃንም ያውቀዋል።

«ማን ነው?» አለች። «ጋሼ ነው?»

አይደለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«እማዬ ናት።» ይሄ ጥያቄ አልነበረም።

ከደረጃው ወደ ፊት ወደቀች። ቀድማ የያዘቻት ኮሪ ናት፤ ውሻው ከኮቷ ወድቆ መጮህ ጀመረ። ጀርመኑ ወንበሮቹን ጥሎ በግራ ያዛት፣ ሚስቱ በቀኝ። ማንም አላስተማራቸውም። ኮሪ የምትለው አይገባንም፣ ግን እንደ አንጋጫ ሴቶች ጀርባዋን እያሸች ነበር። እኔ ልይዛት ስጠጋ ማርታ ቀና አለች።

«መቼ?»

«ነሐሴ መጀመ…»

«ነሐሴ?» ድምፅዋ ተለወጠ። «ጎመን ተክላለች አልሽኝ። ጥርሷን አሟታል አልሽኝ። ቅርንፉድ ያዢላት ስልሽ እሺ አልሽኝ!»

«ማርታዬ፣ ቁስልሽ እንዲደርቅ ብለን…»

«ቁስሌ ከደረቀ ሦስት ወር አልፎታል። ከባሕሩ ዳር ስጠራት አጠገቤ ቆመሽ ነበር።» ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀች። «ስሜን ጠርታ ነበር?»

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አልጠራችሽም ብላት እናቷን እነጥቃታለሁ፤ ጠርታሻለች ብላት ራሴን። ሄንክ ያየኛል። ፈረንጆቹም ያዩኛል፣ ቋንቋውን ሳያውቁት የሚጠብቁ ይመስላሉ።

«አሥራ አንድ ቀን» አልኳት። «በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር።»

ከዚህ በኋላ አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጀርመኑ ባመጣቸው ወንበሮች ላይ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ተቀመጠች። አንዱ ሾርባ ያመጣል፣ አንዱ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ኮሪ እጇን ይዛለች። እኔ እንባዬ ይወርዳል፣ ግን የነሐሴው እንባ አይደለም፤ ያ አልቋል። ይሄን አየች። «እናንተ አልቅሳችሁ ጨርሳችሁ ነው የመጣችሁብኝ» አለችኝ። «እኔ ዛሬ ጀመርኩ። እማዬን ከሚያውቅ ከማን ጋር ላልቅስ? ከጀርመን ጋር?» ለመልካም ብለን ያደረግነው ነገር ነው፤ እኛ ሁላችንም ተቃቅፈን ያለቀስነውን አንድ ለቅሶ ከእሷ ወሰድነው። እዚያ ሆኜ ሳስበው መርዶው እንደ ቅቤ ነው፤ ሲሰነብት ይበላሻል እንጂ አይሻልም። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ጉዞው በዚያው አበቃ። ማላጋ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ወሰዱኝ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ነጭ የላስቲክ እርሻ እንደ ሌላ ባሕር ተዘርግቶ ነበር። ሄንክ ሻንጣዬን አወረደ፣ አቀፈኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አለኝ። «ደህና ይግቡ፣ አማረች።» ማርታ ከመሪው አልወረደችም። «ደህና ግቢ፣ እትዬ» ብቻ።

ሁለት ዓመት ስልኬን አላነሣችም። ሄንክ ነው የሚያነሣው። «ደህና ናት። ስልክ ላይ አትመጣም» ይለኛል፤ ስለ ቡላው ይጠይቀኛል። ዛሬ ይሄ ሁሉ ሰው ስልኩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲሄድ ሳይ፣ ሞትም ልደትም በደቂቃ ሲደርስ ሳይ፣ ያቺ የቴሌ ሳጥን ትመጣብኛለች። ከፊቴ ሦስት ሰው ነበር። ሦስት ሰው ብቻ።

በሦስተኛው ዓመት ማርታ ብቻዋን መጣች። ጋሼ ዴታሞ መምጣቷን ሲሰማ «አሁን ነው ለቅሶዋ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን እናደርገዋለን» ብሎ ከዕድሩ ድንኳን አውጥቶ በእማዬ ደጅ ተከለ። ከዶዮገና ዘመድ መጣ፣ ከሆሳዕና መጣ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ። ማርታ ከሚኒባሱ ወረደች። ለሁሉም እጅ ነሣች፣ ከድንኳኑ አጠገብ አለፈች፣ ልከተላት ስል «ብቻዬን» አለችኝ፣ ወደ መቃብሩ ሄደች። ጥላው እስኪረዝም እዚያ ቆየች። ሰዉ ጠብቆ ጠብቆ ንፍሮውን በላና አንድ በአንድ ተበተነ። ስትመለስ ድንኳኑ ውስጥ ጋሼ ዴታሞ ብቻ ነበር። ታላቋ ነውና ጉልበቱን ሳመችው፣ ያቀረብንላትን ሁለት ጉርሻ ቀመሰች፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ባሏ አገር ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ለበዓል ትደውላለች፣ ደህንነቴን ትጠይቃለች፣ መልሳ ግን አልመጣችም።

እሷ የሄደች ዕለት የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሊያነሡ መጡ። ጋሼ ዴታሞ «የተከልኩት እኔ ነኝ» ብሎ መለሳቸው። ያኔ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር። ካስማውን አንድ በአንድ ነቀለ፣ ሸራውን ብቻውን አጠፈ፣ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ዕድሩ መጋዘን ወሰደው።